የእትዬ ባየሽ የቂጣ ሳምንት

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የወደፊት አማቴ እትዬ ባየሽ የሊጥ ባልዲያቸውን ተሸክመው ወደ ጓሮ ሲያልፉ በደጃቸው ሳልፍ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። እርሾውን ኒም ዛፉ ሥር ደፉት። ባልዲውን በአመድ ፈተጉት፣ በፈላ ውሃ አለቀለቁት፣ ፀሐይ ላይ ገለበጡት። እርሾ ይሰጡታል፣ ይዋሱታል እንጂ ጤነኛ ሴት አትደፋውም። የምትደፋው ቤቷን ዘግታ የምትሄድ ናት። እኔና ልጃቸው አለምሰገድ ደግሞ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ ልንጋባ ነበር።

የትናየት እባላለሁ። ገንዳ ውሃ መናኸሪያው አጠገብ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ የቀረውን ከካርቶኑም ከማኑዋሉም እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። አስመስለው የሠሩትን የሞተር ቺንጊያ ከኦሪጅናሉ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያለሁ። ሰውም ላይ እንደዚያው ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ሰኞ ጠዋት መካኒኩ ባየልኝ የናፍጣ ፍልትሮ ሊገዛ መጣ። ሕማማት ነው፣ ሰው አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም፤ እሱ ግን ከወሬ አልጾመም።

«የትናዬ፣ እስራኤል ስትገቢ እኛን እንዳትረሺን» አለኝ።

«ምን ልትል ፈልገህ ነው?»

«አማትሽ ቤት ከጎንደር የመጣ ባለ ቦርሳ ሁለት ቀን ተመላልሷል። ፋይል የሚያስከፍት ደላላ ነው አሉ። ዘራችሁ ቤተ እስራኤል ነው እያለ፣ ክርስቲያኑን የአይሁድ በዓል እያስጠና ወደ እስራኤል የሚልክ።»

«እትዬ ባየሽ ማተባቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም።»

«ማውለቁማ ይቀላል። በዚህ ሳምንት ቂጣ ብቻ ለምን እንደሚበሉ ጠይቂያቸው እስኪ። ሰፈሩ ያውቃል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽ።»

«ፍልትሮው ይኸው» አልኩት።

የዘር ወሬ እኔን አይሞቀኝም፣ አይበርደኝም። ሰው ቤተ እስራኤል ቢሆን ምን ይጎድለዋል? እኔን ያስፈራኝ አውሮፕላኑ ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላዋን ከነቬሎዋ ሜዳ ላይ የሚተው አውሮፕላን።

አለምሰገድ ኮኪት አካባቢ ባሉ እርሻዎች የትራክተር ኦፕሬተር ነው። የዚያኑ ቀን የሞተር ዘይት ሊቀዳ ሲመጣ ከሱቁ በር አላሳለፍኩትም።

«እናትህ እርሾ ለምን ደፉ?»

ፊቱን ወደተደረደሩት ጎማዎች አዞረ። «በየዓመቱ ትደፋለች። የእናቷ ልማድ ነው።»

«የጎንደሩ ሰውዬስ የማን ልማድ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ መልስ አይደለም።»

«እናቴን ጠይቂያት» አለና ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ። ጠራሁት፣ አልዞረም። ጀሪካኑ ባዶ ነበር።

በስልክ ልጠይቃቸው አልኩና ተውኩት፤ ሰውን ቀድሞ መጠየቅ መልስ እንዲያዘጋጅ ጊዜ መስጠት ነው። ማክሰኞ ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ይዤ ሄድኩ። እንጀራ ጾም አያስገድፍም፤ እምቢ የሚሉበት ምክንያት የላቸውም። እትዬ ባየሽ ደጃፍ ላይ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ እንጀራውን ግን ወደ ቤት አላስገቡትም። ዓይኔ እያየ በአጥሩ ላይ አሻግረው ለጎረቤታቸው ለዘሀቢያ ሰጡ።

ዘሀቢያ መተማ ዮሐንስ ድንበሩ ላይ ስትነግድ ያደገች ናት፤ ሳቋ ከአስፋልቱ ይሰማል። «ወላሂ፣ ይቺ ሳምንት ስትመጣ እኔ እወፍራለሁ» አለች። «ሙሽሪት፣ አልነገሩሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ። የሰጡኝን እበላለሁ እንጂ አልጠይቅም።»

እኔ ግን እጠይቃለሁ። ተከትያቸው ገባሁ። ወለሉ ተጠርጓል፣ ዕቃው ታጥቧል፣ ትሪ ላይ ስስ ቂጣ ተደራርቧል። ዓይኔ ሻንጣ ፈለገ። አልጋው ሥር አየሁ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አየሁ፤ የለም።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ጉልባንና ቂጣ የምንበላው ጸሎተ ሐሙስ ነው። እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ጊዜ ስላልነበራቸው ነው፤ ይህን እኔም ቤተ ክርስቲያን ሰምቻለሁ። እርስዎ ሳምንቱን ሙሉ ወዴት ነው የሚቸኩሉት?»

«ይህን ምላስሽን ልጄ እንዴት ሊችለው ነው» ብለው ሳቁ።

«እዚህ ከኖረ ይለምደዋል። ከሄደ ደግሞ አይሰማውም።»

ሳቃቸው ቆመ። «ተቀመጪ» አሉኝ።

«ልጅ ሆኜ አርማጭሆ ነበርን። ፈረደ የሚባል ቤተ እስራኤል ጎረቤታችን ነበር፤ እሱ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሚስቱ ሸክላ ሠሪ። የነሱ ፋሲካ ሲደርስ እርሾ ይደፋሉ፣ ሰባት ቀን ቂጣ ይበላሉ። በዚያ ሳምንት እነሱ አይወጡም፣ እኛም አንገባም፤ እናቴ ከአጥር ውጭ ሆና ነበር የምታነጋግራቸው። በዓሉ ሲያልፍ ሴትየዋ አዲስ እርሾ ከኛ ትወስዳለች። ያን ጊዜ ወደ ሱዳን መሄድ ያሳስር ነበር። አንድ ዓመት በዓላቸው ሲገባ፣ ጨረቃዋ ስትሞላ፣ ጠፉ። ጠዋት ከቤታቸው ጭስ አልወጣም። እናቴ ገብታ ብታይ ማሰሮው ተደፍቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ለኛ እንኳ አልነገሩንም። አላመኑንም።»

«ታዲያ እናትዎ ምን አደረጉ?»

«ተቆጣች። ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ብላ ስትራገም ዋለች። ከዚያ ገብታ እሳት አነደደች።»

«የት?»

«በነሱ ቤት ነዋ። ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ። እሳት ካነደድኩ አይቀር ብላ ቂጣውንም እዚያው ጋገረች። እንጨት አመላላሿ እኔ ነበርኩ። ሚሊሻ ሲያልፍ ጭሱን ያያል፣ በዓል ላይ ናቸው ብሎ ይተዋል። ኋላ ሚሊሻዎቹ በሩን ሲያንኳኩ እነ ፈረደ ወይ ገዳሪፍ ገብተዋል፣ ወይ በረሃ በልቷቸዋል። እናቴ ደረሱ የሚል ሰው እስኪመጣ ብላ በየዓመቱ በሕማማት ይህን የቂጣ ሳምንት ትይዝ ነበር። ማንም ሳይመጣ ሞተች። ለኔ ቀረ።»

ታሪኩ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ስለነበር አላመንኩትም። ደላላው አስጠንቷቸው ቢሆንስ?

«ሰውዬውስ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ይህንኑ ሰምቶ ነው። ‹ፈረደ አያታችን ነው በሉ፤ ሰባቱን ቀን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ጥናት አያስፈልጋችሁም› አለኝ። አባረርኩት።»

«ሁለት ቀን ተመላልሷል አሉኝ።»

እትዬ ባየሽ ቂጣውን በጨርቅ ሸፈኑ፣ ጨርቁን አነሱ፣ እንደገና ሸፈኑ። «ሁለተኛውን ቀን እኔ አልጠራሁትም» አሉ።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለ አለምሰገድ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስንቱን እንደሰማ አላውቅም። «መንገዱ ይዘጋል፣ ሥራው የጥቂት ወር ነው። ቀድሜ ሄጄ እወስድሻለሁ ብዬ አስቤ ነው።»

«ሠርጉስ?»

«ሳላገባ ብመዘገብ ይቀላል ብሎኛል። ለጊዜው።»

«ለጊዜው» አልኩ።

እናቱ ቀና ብለው አዩት። «የፈረደ የልጅ ልጅ ነኝ ልትል ነው?»

«ወረቀት ላይ ብቻ እኮ ነው፣ እማ።»

«የልጅ ልጅ ካለው ይኸኔ ጎንደር ተቀምጦ ወረፋ የሚጠብቅ ይሆናል። እናቴ ሰባት ቀን ጭስ የበላችው ሰዎቹ እንዲያመልጡ ነው። አንተ ወረፋቸውን ልትቀማቸው ነው?»

የአለምሰገድ ጆሮ ደም መሰለ። ታሪኩን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው፤ የተጠና ነገር ቢሆን ልጁ እንዲህ አያፍርም ነበር። እሱን ማመን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ደውልለት» አልኩት። «አሁን። ድምፁን ከፍተህ።»

«የትናየት፣ እኔ እነግረዋለሁ ካልኩሽ...»

«ለኔ የምትለውንማ ሰማሁት። ለሱ የምትለውን ነው መስማት የምፈልገው።»

ደወለ። ሰውዬው ወዲያው አነሳው። «እሺ ወንድሜ፣ ወሰንክ?»

አለምሰገድ እናቱን አየ፣ እኔን አየ። «ትቼዋለሁ» አለ። «ፈረደ ጎረቤታችን ነበር። ዘመዳችን አይደለም።»

«ማን ይለየዋል ብለህ ነው» አለ ሰውዬው፣ እየሳቀ። «ተረጋግተህ አስብበት። ከፋሲካ በኋላ እደውልልሃለሁ።» ዘጋው።

እትዬ ባየሽ ቂጣ ቆርሰው ሰጡኝ። ከጨው በቀር ምንም የለውም፤ ጉሮሮ ይይዛል። በላሁት። ረቡዕ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ተመልሼ ሄድኩ፣ ሐሙስም ሄድኩ፣ ሳምንቱ እስኪያልቅ አልቀረሁም። እትዬ ባየሽ በዓላቸውን የወደድኩላቸው መስሏቸው ለዘሀቢያ በአጥር ሲያሞግሱኝ ሰማሁ። አላረምኳቸውም። ሠርጉን አልሰረዝኩም፤ ድንኳኑንም አላዘዝኩም። አለምሰገድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ እዚያ አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ከስልኩ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፣ ቂጣዬን እየቆረስኩ። ሲጠራ የማን ስም እንደሚመጣ ከሱ ቀድሜ አያለሁ።