ሂና የነካው ጣት

«ይኸው፣ ዛሬም እምቢ አለ!» ዘሀራ ስልካቸውን ከእህታቸው ልጅ ከሪሃና ላፕቶፕ አጠገብ ወርወር አደረጉት።

ሪሃና ቀና ለማለት እንኳ አቅም አልነበራትም። መብራቱ ሲጠፋ፣ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ፣ ወራት የፈጀባት ሥራ ገና ዛሬ ጠዋት ተቀባይነት ማግኘቱ ነው። የየአገሩ ፕሮግራመሮች በነፃ እየወሰዱ አፓቸው ውስጥ የሚከቱት፣ ላይብረሪ የሚባል ዝግጁ የመግቢያ ኮድ አለ፤ እሷ የአንድሮይድ ስልክ ባለቤቱን በጣት አሻራ እንዲለይ የሚያደርገውን ክፍል ጨመረችበት። ነገ ይለቀቃል። አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤትም የሚቀጥራት ይኸው ሥራ ነገ ከስሟ ጋር ከወጣ ነው።

ለሙከራ ብላ ደግሞ ያንኑ ኮድ የአክስቷ አፎቻ አፕ ላይ ጭናው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ለለቅሶና ለሠርግ የሚጠራሩት እንደ ዕድር ባለው ማኅበራቸው፣ በአፎቻቸው ነው።

«እስቲ እጅዎን ታጥበው ይሞክሩት፣ አክስቴ።»

«ምኑን ልታጠበው? አታዪም?» ዘሀራ አሥሩንም ጣቶቻቸውን ዘረጉላት። ለልጃቸው ለአሚና ሠርግ የተቀቡት ሂና ጫፍ ጫፉን አጥቁሮታል። «ትናንት ጊደር መጋላ የሠርጉን ዕቃ ስገዛ ይኼ ስልክ ይጮኻል። ብነካው እምቢ፣ ብፈትገው እምቢ! ለካ ጎረቤታችን ሸምሲያ ሞታ ኖሯል፣ ኢናሊላሂ! ድሮ የአፎቻው ሴቶች ሰው ልከው በር ያንኳኩልኝ ነበር። አሁን በስልክ ደርሷታል ብለው ተዉኝ። ሰዉ ቀብሮ ሲመለስ እኔ ዘምቢሌን ይዤ ከገበያ ስመጣ ተገናኘን። እህቷ ፊቷን አዞረችብኝ፣ ወላሂ!»

ሪሃና ክው አለች። ሐረር ተወልዳ ሐረር አድጋ፣ ሂና አሻራን እንደሚሸፍን እንዴት ይረሳል? ኮዱን ስትሞክር የከረመችው ሂና ባልነካው በራሷ ጣት ነው።

«አሻራው እምቢ ሲል በምስጢር ቁጥር የሚከፈትበት መንገድ ነበረው» አለች ቀስ ብላ። «ከመለቀቁ በፊት ኮዱን የሚያዩት ሰዎች አንድ መንገድ ይበቃል አሉኝና አወጣሁት።»

«አንቺስ ዝም አልሽ?»

«ደክሞኝ ነበር፣ አክስቴ።»

«አቦ! ደክሞኝ ትለኛለች እንዴ? በይ መልሺው!»

«ብመልሰው እንደገና መታየት አለበት፤ ነገ አይለቀቅም። ሥራውም ይቀርብኛል።»

ዘሀራ ሻሻቸውን አስተካከሉና ተነሡ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ለቅሶ ቤት ሄጄ የሚሉኝን ልስማ። ይኼ ስልክ ግን እዚሁ ይቅር፣ አልፈልገውም።»

በሩ ተዘጋ። በሚቀጥለው ጊዜ አስተካክለዋለሁ፣ አለች ሪሃና ለራሷ። ማን ያውቅብኛል? ወዲያው የአክስቷ ስልክ ጮኸ። ከአፎቻው መልእክት ገብቷል። ነካችው፤ ጣቷን አላወቀውም። ኮዱን የጻፈችው እሷ፣ ከደጅ የቀረችውም እሷ።

ላፕቶፑን ሳብ አድርጋ ኮዱን ለሚለቁት ሰዎች ጻፈች፦ «ነገ እንዳትለቁት። ጣቱ የማይነበብለትን ሰው ደጅ ያስቀራል። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ሁለተኛ ሳታነበው ላከችው።

ከዚያ ሻሿን ጣል አድርጋ ጀጎል ውስጥ ባለው ጠባብ መንገድ ሮጠች።

«አክስቴ! ይጠብቁኝ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ። ከቀብሩ የቀሩት በእኔ ምክንያት መሆኑን እኔው እነግራቸዋለሁ።»