ከዘጠነኛ ወደ ሠላሳ ስምንተኛ

«እስቲ ይቺን ተመልከቺልኝ» አለ ኦርቪል ዴከር፣ ወፍራም ጣቱን ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተክሎ። «ከርንስ ኮሌጅ። አሥራ ሦስት ድል ሰጥተሽዋል።»

«እኔ አልሰጠሁትም፤ አሸንፎ ያገኘው ነው» አለች ናዲን ፕሪዊት። ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ዕቃ መደብሩ የገባችው ለሚያንጠባጥበው ቧንቧዋ ጎማ ልትገዛ ነበር እንጂ ከዚህ ሰውዬ ጋር ልትከራከር አልነበረም። ለሃያ ስምንት ጎረምሳ ክፍልፋይ ስታስረዳ ውላ ጉሮሮዋ ደርቋል። ውጪ ያለው የአላባማ የነሐሴ ሙቀት ደግሞ ሰው መኪናው ድረስ እንኳ በሰላም እንዲሄድ አይፈቅድም።

«አሸንፏል፤ እሺ። ማንን?»

«ሚስተር ኦርቪል፣ ዛሬ አቅሙም የለኝ።»

«ማንን ነው ያሸነፈው ነው የምልሽ?»

ኦርቪል ከኦሃዮ ጡረታ ወጥቶ ፔሪ ክሪክ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሥራ አንዱንም ዓመት ነሐሴ በመጣ ቁጥር እዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ነገር ይፈልጋታል። ወረቀቱ የእሷ ነው። የኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከመቶ ሠላሳ የሚበልጡትን ቡድኖች አንድ በአንድ ትዘረዝራለች፤ እያንዳንዱ ቡድን በመጪው ወቅት የሚገጥማቸው አሥራ ሁለት ተጋጣሚዎች ባለፈው ዓመት ስንት ስንት እንዳሸነፉ ትደምራለች። ከዚያ የማን መንገድ ዳገት እንደሆነ፣ የማን ደግሞ ሜዳ እንደሆነ ቅደም ተከተል ታወጣለች። ከታች ሊጎቹን እርስ በርስ ታወዳድራለች። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ወረቀቱ በዕቃ መደብሩ፣ በፀጉር ቤቱና በነዳጅ ማደያው ይለጠፋል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በሎኒ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ራሷ ታነበዋለች። ፔሪ ክሪክ ውስጥ ስለ ፉትቦል የሚጣላ ሰው ሁሉ ናዲን ምን አለች ሳይል ጠቡን አይጀምርም።

የኦርቪል ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው። የሰሜኑ ሊግ ቡድኖች እርስ በርስ ዘጠኝ ጊዜ ይጋጠማሉ፤ «የናንተዎቹ የደቡብ ጀግኖች» ግን ስምንት ጊዜ ተጋጥመው፣ ኅዳር ላይ ሲደክማቸው አንድ ምስኪን ኮሌጅ ጠርተው ስልሳ ነጥብ እያገቡበት ያርፋሉ። የእሷም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቁጥር የማንም አገር ሰው አይደለም። ዘንድሮም የደቡቡ ሊግ አንደኛ ወጥቷል፤ ያውም ለጥቂት፤ በግማሽ ድል እንኳ የማይሞላ ልዩነት።

«ከርንስ አምና በታችኛው ምድብ ነበር የሚጫወተው» አለ ኦርቪል፣ ቀስ ብሎ። «ዘንድሮ ነው ወደ ላይ የወጣው። አሥራ ሦስቱንም ያሸነፈው ትንንሾቹን ነው።»

ናዲን መነጽሯን አወረደች። ከወረቀቱ ግርጌ፣ በገዛ እጇ የተጻፈ ደንብ አለ፦ በታችኛው ምድብ የተገኘ ድል አይቆጠርም። ዓይኗ ከደንቡ ወደ ከርንስ፣ ከከርንስ ወደ ደንቡ ተመላለሰ። ቡድኑ ወደ ላይኛው ዝርዝር ሲገባ ድሎቹንም ተሸክሞ ገብቷል። አስገቢዋ ደግሞ እሷው ናት።

«ወይ ጉዴ» አለች።

ኦርቪል ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር። አልሳቀም፤ እንዲያውም ዞር ብሎ የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩን አየ።

«ለማንም አልናገርም» አላት። «ብናገርስ ማን ይሰማኛል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ከተማ ስሜ "ያ የኦሃዮው ሰውዬ" ነው።»

ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ቢያላግጥባት ይሻላት ነበር። ጎማውን ሳትገዛ ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ሆና ስልኳን መሪው ላይ አስደግፋ እንደገና ደመረች። ከርንስን የሚገጥሙት የደቡቡ ሊግ ቡድኖች ሁለት ናቸው። አሥራ ሦስቱ ድል ከሁለቱም ላይ ሲቀነስ ያቺ የግማሽ ድል ልዩነት ብን ብላ ጠፋች፤ አንደኛ የሰሜኑ ሊግ ሆነ። ይሄ ያናድዳል እንጂ ማንንም አይገድልም። የሚገድለው ሌላው ነው። ከሁለቱ አንዱን፣ ሎውሪ ስቴትን፣ ከአገሪቱ ዘጠነኛው ከባድ መርሐ ግብር ያለው ቡድን ነው ብላ ነበር። አሁን ሠላሳ ስምንተኛ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደመረችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ ስምንት።

ሎውሪ ስቴት የወንድሟ ቡድን ነው። ዳልተን እዚያ ፊት ለፊት የሚገፉትን ግዙፍ ልጆች ያሠለጥናል። አምና ያሸነፉት አምስት ብቻ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በጥር ወር ቁርጡን ተናግሯል፤ ዘንድሮ ሰባት ካልሞላ ዋና አሰልጣኙ ሃግስም ረዳቶቹም ሻንጣቸውን ያዘጋጁ። ባለፈው ሳምንት ዳልተን ሲደውልላት ግን ደስ ብሏት «ዘጠነኛ ናችሁ እኮ!» አለችው። ዳልተን ለሃግስ ነገረ። ሃግስ ደግሞ ትናንት በደጋፊዎቹ የምሳ ግብዣ ላይ፣ በተጠበሰው ዓሣ መሐል ቆሞ ወረቀቱን እያውለበለበ፣ «ዘጠነኛው ዳገት! ናዲን ፕሪዊት ናት ያለችው! በዚህ ዳገት ስድስት ካሸነፍን ልትስሙን ይገባል!» ብሎ አዳራሹን አስጨበጨበ። ዛሬ ጠዋት ጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ አወጣው። መምህራን ክፍል ውስጥ ሳይቀር ስድስትም አይከፋም መባል ተጀምሯል።

ናዲን ራሷን መሪው ላይ ደፋች። እንዴት አለፈኝ የሚለውን ጥያቄ ልትሸሸው ፈለገች፤ አልቻለችም። አብዛኞቹን ቡድኖች ሦስት ሦስት ጊዜ አመሳክራለች። ሎውሪን ግን አንዴ ብቻ። ለምን? ቁጥሩ ስለጣማት ነዋ! አንድ ተማሪዋ እንዲህ ቢያደርግ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር።

ደወለችለት።

«ናዲ፣ አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ» አለ ዳልተን። «ልጆቹ ውኃ እየጠጡ ነው።»

ነገረችው። ከበስተኋላ ፊሽካ ተነፋ፤ አንድ ሰው ጮኸ።

«ስንተኛ?» አለ ዳልተን።

«ሠላሳ ስምንተኛ።»

«ቀልዱን ተይው እሺ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ከርንስን በሁለተኛው ሳምንት ትገጥሙታላችሁ አይደል? ዜሮ መሆን ነበረበት። ተሳስቻለሁ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ኦርቪል።»

«ኦርቪል ደግሞ ማነው?»

«የኦሃዮው ሰውዬ።»

«እሱን ማን ይሰማዋል!» ድምፁ ቀለል አለው። «እንግዲያው ምንም አልተፈጠረም። ውድድሩ እስኪያልቅ፣ እስከ ኅዳር ዝም በይ፤ በቃ። ዋሺ አላልኩሽም እኮ።»

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ነኝ። ሰንጠረዡን የማነበው እኔ ነኝ፣ ዳልተን። የማውቀውን ውሸት በገዛ አፌ ላንብበው?»

«ታመምኩ በያ! አንቺ ጉንፋን አይዝሽም?»

«ለሃግስ ባትነግረው ኖሮ...»

«አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ! አጣርቼዋለሁ አላልሽም? ናዲን ፕሪዊት አጣራሁ ካለች ማን ይጠራጠራል?»

«ብያለሁ» አለች።

«ሼልቢ ትናንት ስታደርግ የዋለችውን ልንገርሽ?» አለ ሚስቱን አንስቶ። «መጋረጃ ስትሰቅል ነው የዋለችው። በአሥራ ሁለት ዓመት ስድስት ቤት ቀያይረናል፤ አንዱም ቤት መጋረጃ ሰቅላ አታውቅም፤ አንሶላ ነበር የምትወጥረው። ለምን ልልፋ፣ ያው ልንሄድ አይደል ትለኝ ነበር። ትናንት ሰቀለች።»

የናዲን አፍ ግን አላረፈም፦ «ሠላሳ ስምንተኛ ማለት እኮ ሰባት ማሸነፍ ትችላላችሁ ማለት ነው።»

«ወረቀት ላይ!» ጮኸ ዳልተን። «ሁለቱ ምርጥ ልጆቼ በጥር ጥለውኝ ሌላ ኮሌጅ ገቡ። ሦስተኛው ጉልበቱ ተበጥሷል። የቀሩኝ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ገና ጢም ያላበቀሉ። እስቲ ይሄንን የትኛው ሰንጠረዥሽ ላይ ከተትሽው? ንገሪኛ!»

የትም አልከተተችውም። ልክ ነበር። የእሷ ወረቀት የአምናን ድል ይቆጥራል እንጂ ዘንድሮ ማን እንደከዳ፣ ማን እንደተሰበረ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንን አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም ነበር፤ የጠየቃት የገዛ ወንድሟ ሆነ።

«አልከተትኩትም» አለችው።

«ሎኒ ጋ ገብተሽ ካነበብሽው ከእንግዲህ አትደውይልኝ» አለና ዘጋው።

የሎኒ ጣቢያ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ስቱዲዮው ራሱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሎኒ እንደ ወትሮው ጣፋጭ በረዶ ሻይ በትልቅ ብርጭቆ ቀርቦለት ይጠብቃት ነበር። የሆነውን ስትነግረው ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋው።

«ኧረ ባክሽ፣ ሚስ ናዲን! የሰሜኑን ሊግ አንደኛ? በእኔ ሬዲዮ? መኪናዬን በድንጋይ ነው የሚሉኝ።»

«ሊጉ አይደለም የጨነቀኝ።»

«ገብቶኛል። ዳልተን ነው።» ሎኒ ጺሙን አሻሸ። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። አዲስ መረጃ ደረሰን እንበል። የሆነ ለውጥ ተደረገ፣ ምናምን። ማን ይመረምረዋል?»

«አዲስ መረጃ የለም። ከርንስ ከጥር ጀምሮ ያው ከርንስ ነው።»

«እንግዲያው ሊጎቹን ብቻ አንብቢ። ሎውሪን ዝለይው። መቶ ሠላሳ ቡድን አይነበብም፤ ሰዓት አልበቃንም እንላለን።»

ይሄኛው አማራት። በደንብ አማራት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ አሰበችበት። አንዲት ቃል አትዋሽም፤ ወንድሟም ይደውልላታል፤ ሼልቢም መጋረጃዋ ሥር ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይታ ግን ትናንት በዚያ አዳራሽ ያጨበጨቡትን ሰዎች አሰበች። ያጨበጨቡት ለሃግስ አልነበረም። እሷ አጣርታለች ብለው ነው።

«ቀይ መብራቱን አብራው» አለችው።

ሎኒ እያጉረመረመ አበራው፤ ሰላምታ ሰጠ፤ ማስታወቂያ አነበበ፤ ከዚያ ተራሽ ነው በሚል በአገጩ ወደ እሷ ጠቆመ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች ናዲን። ድምፏ ክፍል ውስጥ ዝም በሉ የምትልበት ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አልመጣላትም። «ወረቀቱ ስህተት አለበት። ስህተቱ የእኔ ነው እንጂ የማንም አይደለም። ከርንስ ኮሌጅ አምና በታችኛው ምድብ ያገኘውን ድል በራሴ ደንብ መቁጠር አልነበረብኝም፤ ቆጠርኩት። ሲስተካከል ከሊጎቹ ሁሉ ከባዱ መርሐ ግብር የሰሜኑ ሊግ ነው፤ የኛው ሁለተኛ ነው። ስህተቱን ያገኘው ሚስተር ኦርቪል ዴከር ነው፤ ስሙን ያዙልኝ።» ውኃ ጠጣች። «ሎውሪ ስቴት ዘጠነኛ አይደለም። ሠላሳ ስምንተኛ ነው። አሰልጣኝ ሃግስ ትናንት የተናገሩት እኔን አምነው ነው፤ ለምሳቸው የከፈሉትን ሰዎችና እሳቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደግሞ አንድ ነገር አለ። ይሄ ወረቀት ማን እንደተጎዳ፣ ማን ቡድኑን ጥሎ እንደሄደ አያውቅም። ሠላሳ ስምንተኛ ስላልኩ ቀላል ነው አላልኩም። ስንት ማሸነፍ እንዳለባቸው ከእኔ ወረቀት ላይ አትፈልጉ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ የስልኩ መብራቶች በሙሉ መብለጭለጭ ጀመሩ። አራቱም መስመር። ሎኒ ጭንቅላቱን ያዘ። የመጀመሪያው ደዋይ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ነበር፤ «የኦሃዮው ሰውዬ ስንት ከፈለሽ?» ብሎ ሳቀና ዘጋ። ሁለተኛው ስሙን ሳይናገር፣ እንደሱ ከሆነማ ሃግስ ስድስት አሸንፎ ሊያታልለን ነበር፣ ስምንት ካላሸነፈ አሁኑኑ ይባረር አለ። ናዲን ልትመልስለት አፏን ስትከፍት መስመሩ ተቋርጧል።

ሎኒ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ዳልተን ነው» አለ በሹክሹክታ። «ድምፁ ልክ አይደለም፣ ሚስ ናዲን። ሰዓት አልቋል ብዬ ልሸኘው?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችው። ገና አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀራል። ምን ሊላት እንደሚችል ገመተች፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲናደድ የሚለውን ሁሉ ታውቀዋለች። ዛሬ ደግሞ የሚናገረውን አውራጃው ሁሉ ይሰማዋል። ቢሆንም ስለ እሱ ሥራ፣ ስለ እሱ ኑሮ ስትናገርም ያው አውራጃ ሰምቷታል።

«ወይ ደግሞ ስሙን አልጠራም» አለ ሎኒ፣ አዝኖላት። «አንድ አድማጭ ብዬ ላስገባው።»

«አይሆንም» አለች ናዲን፣ የጆሮ ማዳመጫዋን እያስተካከለች። «ወንድሜ ነው በልና አስገባው።»