የተሰረቀው ስህተት

ፀደንያ የቀጨጨውን ባቄላ ከነሥሩ ነቅላ አፈሩን አራገፈች። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሥሩ ላይ ሊቋጥረው የሚገባው እባጭ አንድም የለም።

"ማሳው ሁሉ እንዲሁ ነው፤" አሏት አጎቷ አስማማው። "ከሮብ ገበያ በላይ ያለነው ሁሉ ያንን ሕያው ማዳበሪያ ገዝተን ባዶ እጃችንን ቀረን። የገዛነውም ሻጩ ያንቺ ባልደረባ ነው ብለን ነው፤ ልጄ።"

የሺዋስ! የማስተርስ ጥናቷን ባክቴሪያ በስሙ አስመዝግቦ ደብረ ማርቆስ ላይ የማዳበሪያ ስታርትአፕ የከፈተው የሺዋስ። ጓደኛዋ መቅደላዊት "ያንኑ ባክቴሪያ በግማሽ ዋጋ ሸጠን እናክስረው" ብላ ቦታ ተከራይታለች። የሽርክናውን ውል ነገ ሊፈራረሙ ነበር።

"እኔ የሞከርኩት ታች ቁይ፣ አሲድ በሌለበት አፈር ላይ ብቻ ነው፤" አለች ፀደንያ ቀስ ብላ። "የእናንተ አፈር አሲዳማ ነው። ለየትኛውም ማሳ ይሆናል ብዬ የጻፍኩት ግን እኔው ነኝ።"

"እና የሰረቀው ስህተትሽን ነው?"

ፀደንያ ሳቀች። ከተካደች ወዲህ የመጀመሪያዋ፣ ክፉ ሳቅ ነበረች።

ለመቅደላዊት ደወለች። "አልፈርምም። ዶክትሬት ልማር እገባለሁ፤ አሲድ የሚችል ባክቴሪያ እፈልጋለሁ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ።"

"አራት ዓመት? እስከዚያ እሱ ይከብራል!"

"አይከብርም።"

ረቡዕ ገበያው ሲደራ የሺዋስ አዲስ ጭነት አራግፎ ሲሸጥ ደረሰች። ጥናቱ የእሷ መሆኑን፣ ለደጋው እንደማይሆንም ለተሰበሰበው ሰው ተናገረች።

"ቀንታ ነው! ያገኘሁት እኔ ነኝ፤" አለ የሺዋስ።

"ካገኘኸው የት ማሳ ላይ ሞከርከው? የማን ማሳ?"

የሺዋስ ዘወር ብሎ ከረጢቶቹን መደርደር ያዘ።

"አያውቀውም፤" አለች ፀደንያ ወደ ሰዉ ዞራ። "የሞከርኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ ጋ ሳልሞክር የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

አስማማው ሳይዘሩ የተረፋቸውን የማዳበሪያ ከረጢት የሺዋስ እግር ሥር ወረወሩለት። ሌሎቹም ተከተሉ። ፀደንያ እየቀላ እየጠቆረ የሄደውን የሺዋስን ፊት ጠግባ አየችው።

ሰው ሲበተን የሺዋስ ተጠጋት። "መፍትሔውን ታውቂዋለሽ። ግማሽ ድርሻ ልስጥሽ።"

"አላውቀውም። ሳውቀው ግን ካንተ በፊት ሮብ ገበያ ይሰማል።"

"ቆዪ እንጂ! ወዴት ነው?"

"ለጥናቱ የደጋውን አፈር ልዝቅ፤" አለችና የአጎቷን አካፋ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሽቅብ ወጣች።