አምስት ሳንቲም ያልነካ ወንድም

እስቲ ንገሩኝ፤ የእናቱን ልጅ ስም ከገንዘቡ ጎን ለማስጻፍ ጠበቃ አስከትሎ ባንክ የሚሄድ ከመካከላችሁ ማን ነው? ማንም! እንግዲያው ልብስ ሰፊዋን «ምነው ቀድማ ብታስብበት» እያላችሁ አትፍረዱባት። አስባበታለች።

ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም መዳከም ሲጀምር ክሩን በጣቷ እየዳበሰች መርፌ ውስጥ ማስገባቱን ለመደችው፤ የባንክ ወረቀት ግን ተዳብሶ አይነበብም። ቀን ከሌት የደንብ ልብስ ሰፍታ ለዓይኗ ሕክምና ያጠራቀመችውን ገንዘብ የሚያስገባላትና የሚያወጣላት ሰው አስፈለጋት። ያላት ደግሞ አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጎሚስታ ነው፣ ሰፈሩ «ነፋሴ» ይለዋል።

የባንኩ ሠራተኛ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ «የጋራ ሂሳብ አድርጉትና ተገላገሉ» አለ።

«ሁለታችንም ካልፈረምን አምስት ሳንቲም አይወጣም ብለህ ጻፍልኝ» አለች እሷ።

ነፋሴ ሳቀ። «እትዬ፣ በሰው ፊት ሌባ አደረግሽኝ?»

«ሌባ ብትሆን መቼ ይዤህ እመጣለሁ? ሰው ስለሆንክ ነው።»

በሩን የዘጋች መስሏት እፎይ አለች። የፈራችው የወንድሟን እጅ ነበርና እጁን አሰረችው። ዕዳ አለብህ ወይ ብላ ግን አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት። ሱቅ ለመክፈትና የአየር መጭመቂያ ለመግዛት ተበድሮ ነበር። ሱቁ ከሰረ፣ አበዳሪው ከሰሰ። ነፋሴ ደግሞ መጥሪያ ይዘው ሲመጡ «የለም በሏቸው» እያስባለ ከጎማ ክምር ኋላ ይደበቃል። በሌለበት ተፈረደበት። ፍርዱን ከጎረቤት ሰማ፤ እህቱ ጋ እየሄደ ግን እንደወትሮው ሲቀልድ ከረመ።

አንድ ጠዋት የሸሚዝ አንገትጌ ስትሰፋ በቀኝ ዓይኗ ላይ ከወደ ላይ ጥቁር መጋረጃ ወረደ። ሐኪሟ አየቻትና፣ «ከዓይንዎ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተላቋል» አለቻት።

«ይሰፋል?»

«ይበሉት እንደዚያ። ግን ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። በዚህ ሳምንት ካልተሠራ አይመለስም።»

«እኔ ደንበኞቼን ነገ ነገ እያልኩ ነው የኖርኩት» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሐኪሟ አልሳቀችም።

ነፋሴ ክንዷን ይዞ ባንክ አደረሳት። ሁለቱም ፈረሙ። ሠራተኛው መልሶ መላልሶ አየና፣ «ሂሳቡ ባዶ ነው» አለ። «በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለወንድምዎ አበዳሪ ተላልፏል።»

«እኔ ሳልፈርም?»

«ዳኛ ሲያዝ የማንም ፊርማ አይጠየቅም።»

ክንዷን የያዘው እጅ ላላ። «እትዬ፣ የእናታችንን አፈር፣ አምስት ሳንቲም አልነካሁም!»

እውነቱን ነው። መንካት መቼ አስፈለገው? ስሙ በቂ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«አፈርክ? የአንተን እፍረት በእኔ ዓይን ከፈልከው?»

በሰው ኪሳራ የሚኖር እፍረት ከሌብነት በምን ይሻላል? ሌባ እንኳ ቢሆን እሷን ሲያይ ይሸሻል፤ ይሄኛው ክንዷን ይዞ መራት።

ጫጫታውን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ወጣ። «እናቴ፣ ገንዘቡ የእርስዎ መሆኑን ፍርድ ቤት ቀርበው ማስረዳት ይችላሉ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ወራት... እንደ መዝገቡ ብዛት።»

«ዓይኔ እሑድን አያልፍም።»

ሰውየው ክራቫቱን ነካካ። «ምን ላድርግ፣ ሂሳቡ የጋራ ነው። ለወንድምዎ ውክልና ብቻ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ገንዘቡ በእርስዎ ስም ብቻ ይሆናል፤ እሱ በእርስዎ ፈንታ ይሠራል እንጂ ባለቤት አይሆንም። የእሱ ዕዳ አይነካዎትም።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ የመስኮቱን ጠርዝ ጨበጠች።

«ታውቁ ነበር ማለት ነው።»

«ቢሮ እንግባና ረጋ ብለን...»

«አልገባም! ቢሮ ውስጥ የምትለኝን ማን ይሰማልኛል?» ፊቷን ወደ ተሰለፈው ሰው መለሰች። የሚታያት የጫማ ረድፍ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለውን መጋረጃው ወርሶታል። «ይሄ ሁሉ ሰው ነገ ከወንድሙ፣ ከእህቱ፣ ከልጁ ጋር ሊፈርም ይችላል። ማንበብ ላቃታት ሴት ሌላ መንገድ እንዳለ እያወቃችሁ፣ የሰው ዕዳ እንደሚወርድባት እያወቃችሁ፣ ለምን ዝም አላችሁ? ለእኔ ብቻ አይደለም የምትነግረው። እዚሁ፣ በሰው ፊት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ!»