ባልቴቷ ያልሳተችው ኩባያ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ስለ አንዲት ጦጣና ስለ ጠባቂዋ ላውጋችሁ።

ጦጣዋን «ባልቴቷ» ይሏታል። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የምርምር ቤቱ ወጣት ዶክተር ማወቅ የፈለገችው፣ ጦጣ ካረጠች በኋላ ማስታወሷ ይቀንስ እንደሆነ ነው። ጠባቂዋ ትሪ ላይ ከተደፉ ሦስት ኩባያዎች ባንዱ ሥር ለውዝ ትደብቃለች፣ የኩባያውን ቀለም ትጽፋለች፣ መጋረጃውን ትዘጋለች። ጥቂት ቆይታ ስትከፍተው ጦጣዋ አንዱን ትነካለች። ከሳተች ኩባያው ሳይነሳ ትሪው ይመለሳል።

ጠባቂዋም ራሷ እያረጠች ነበር። ድንገት እሳት ከደረቷ ተነስቶ ፊቷ ላይ ይወጣል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ በእጇ የያዘችውን ቁልፍ ስትፈልግ ትውላለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ቀለሙን መጻፍም ትታለች። «ሃያ ዓመት የሠራሁትን ደግሞ ልጽፍ ነው?» ትላለች።

አንድ ሐሙስ ባልቴቷ ቀዩን ነካች። ጠባቂዋ «አረንጓዴው ነው» ብላ ትሪውን ሳበች።

«ዛሬም ሳተች?» አለች ዶክተሯ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ጃጅታለች እኮ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ከመንጋው ትለይ። የረሱትን ለብቻ ነው የምናቆያቸው።»

ጠባቂዋ ኩባያ ልታጥብ ቀዩን ብታነሳ፣ ለውዙ ቁጭ ብሏል።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለውዙን ኪሷ ከተተችው። ማን አየ? በማግስቱ ማጓጓዣ ሳጥኑን ይዛ ሄደች። ባልቴቷ የልጅ ልጇን አዝላለች። በሽቦው መሃል እጇን ሰደደችና የጠባቂዋን ጣት ይዛ፣ እንደ ልጇ፣ ቆዳዋን ትቀምል ጀመር።

ጠባቂዋ ሳጥኑን እዚያው ጥላ ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደች። ለውዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«ስንት ቀን?»

«እሱንም አላውቀው።»

ዶክተሯ የወሩን መዝገብ ገጽ በገጽ ሰረዘች። «እትዬ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ጃጀች እንዳትዪኝ ብዬ...» አለችና የገዛ ቃሏ አፏን አቃጠላት።

ባልቴቷ ከልጆቿ ጋር ቀረች። ጠባቂዋም ዛሬ ቀለሙን ሳትጽፍ መጋረጃ አትዘጋም፤ ጦጣዋን ግን ዓይን ለዓይን ማየት እስካሁን አልቻለችም።

እናንተም ልጆቼ፣ «እሱማ ረስቷል» ልትሉ ሲያምራችሁ፣ አደራ፣ ያን ቀይ ኩባያ አስታውሱልኝ።