በቀን አንድ መስመር

ደብዳቤው የመጣው ልጄ የውሃ ናሙና ልትሰበስብ ሐይቁ ዳር በወረደች በሦስተኛው ቀን ነው። ፖስተኛው "ይፈርሙ" ሲለኝ እንደ ድሮው አውራ ጣቴን አላቀለምኩም፤ ስሜን ጻፍኩለት።

"እማማ፣ ዘንድሮ ሚኒስትር ሳይሆኑ አይቀሩም!" ብሎ ሳቀ።

ልጄ ከሐይቅ ውሃ የሚመጣ በሽታ የምታጠና ተመራማሪ ናት። አንድ የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ቀጥሯት የቀራት የሥራ ቪዛው ብቻ ነበር፤ ስምንት ወር ጠብቃዋለች። ስትሄድ፣ "እማዬ፣ እጄ ሳይገባ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም" ብላኛለች። ስለዚህ ግድግዳ ለምትጋራኝ ልብስ ሰፊ እንኳ አላሳየሁም።

ራሴ ላነብላት ቆረጥኩ። የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን፣ "በቀን አንድ መስመር፣ ግን ሳትደናቀፉ" ይለናል። እንዳለው አደረግኩ። በአራተኛው ቀን "ጥያቄዎ ተቀባይነት ማግኘቱን" የሚለው ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። የቀረው የሰላምታ ወሬ መስሎኝ አልቸኮልኩም፤ አራቱን መስመር እየደጋገምኩ ሸመደድኩ።

ልጄ አንድ ቀን ኔትወርክ አግኝታ ደወለች።

"እማዬ፣ የመጣ ነገር አለ?"

"ምንም የለም። አንቺ ብቻ በደህና ነይ።"

ደስታውን ፊት ለፊት ልሰጣት ብዬ ነው።

ደብዳቤው በመጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭቃ የጠጣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። "ቁጭ በይ" አልኳትና መነጽሬን አድርጌ፣ ቆሜ አነበብኩላት።

"ጎሽ የኔ ተማሪ!" ብላ አጨበጨበች። አራተኛው መስመር ላይ አፏን በእጇ ያዘች። "ቀጥይ፣ ቀጥይ!"

"የቀረውን ገና አላጠናሁትም።"

ወረቀቱን ወስዳ የቀሩትን ሦስት መስመሮች ጮክ ብላ አነበበች፦ ደብዳቤው በደረሰዎት በአሥር ቀን ውስጥ ፓስፖርትዎን ይዘው ካልቀረቡ ፋይሉ ይዘጋል።

ጫማዋን መልሳ አድርጋ ወጣች። ተከተልኳት። ከቪዛ ቢሮው መስኮት ጀርባ ያለችው ሠራተኛ የፖስታውን ደረሰኝ አውጥታ አሳየችን።

"ይሄ የማን ፊርማ ነው?"

"የእኔ" አልኩ።

"እንግዲህ ደርሷችኋል። ፋይሉ ተዘግቷል።"

"እንደ አዲስ ባመለክትስ?" አለች ልጄ።

"ያው ስምንት ወር ነው።"

"ቤተ ሙከራው እስከዚያ አይጠብቀኝም እኮ።"

"እሱን እነሱን ጠይቂ።"

መንገድ ላይ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ስደውልልሽ ለምን የለም አልሽኝ?" ብቻ አለች።

ቤት ስንገባ የውሃ ጠርሙሶቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ ቀኑን እየጻፈች ትለጥፍባቸው ጀመር። እኔ ደብዳቤውን አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ሦስቱን መስመሮች እስከ ዛሬ በራሴ ዓይን አላነበብኳቸውም።