ግመል የሚታከክባቸው የስልክ እንጨቶች

ጉያቱ ጃታኒ ያን ሰሞን በስልክ ፍቅር አብዳ ነበር። ስልኩ እኮ ገና አልመጣም! ነገሌ ውስጥ አንድም የለም፤ ያለው እንጨቱ ብቻ ነው። ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ስልሳ ሁለት የስልክ እንጨት፣ ሽቦ የሚባል ነገር ሳይነካው፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካቻምና ለስልኩ ከተጠየቀው በጀት ግማሹ ብቻ መጣ። የከተማው የስልክ ኮሚቴም "የመጣውን እንጨት እናድርገው፣ ሽቦው ለከርሞ ይደርሳል" ብሎ ያለውን በሙሉ እንጨት ተከለበት። ለከርሞ ምን መጣ? ምንም!

የተጠቀመው ግመል ነው። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ጎናቸውን እንጨቱ ላይ ሲያሻሹ... ኧረ ደስታቸው! ከመታከክ ብዛት ሦስቱ እንጨቶች ጋደል ብለዋል።

"አንቺ፣ ለግመል የመንግሥት ማከኪያ ያለው አገር የኛ ብቻ ነው" ትላለች ከሚላ። ከሚላ የባለሱቁ የሐጂ አብዱልሃሚድ ልጅ፣ የጉያቱ የነፍስ ጓደኛ ናት። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሱቁ ጓሮ ይገቡና ሁለት ባዶ ጣሳ በሲባጎ አስረው ይጫወታሉ።

"ሃሎ፣ ነገሌ! ማንን ላገናኝዎት?" ትላለች ጉያቱ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ እንደ ትልቅ ሴት።

"ፊልቱ አጎቴን! ፍየል ስንት ገባ በይልኝ!"

"መስመሩ ተይዟል ጌታዬ፣ ይጠብቁ!"

ከዚያ ሳቅ ነው። ሆዳቸውን ይዘው!

ግን ነገሩ ለጉያቱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ስልክ ሲገባ ማዞሪያው ላይ ተቀምጣ ሰውን ከሰው የምታገናኝ፣ ስምንተኛን የጨረሰች፣ አማርኛና ኦሮምኛ የምትችል ልጅ ትቀጠራለች ተብሏል። እሷ ደግሞ ስምንተኛን ልትጨርስ ነው፤ ሶማሊኛም ከከሚላ ቤት ለቅማለች። አባቷ አቶ ጃታኒ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ የኮሚቴውም ጸሐፊ ናቸው። አንድ ቀን ቁርጡን ነገሯት።

"ስልኩ ዘንድሮ ከተፈቀደ ትፈተኛለሽ። ካልተፈቀደ ክረምቱን ቦሬ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ እዚያው ትቀሪያለሽ።"

ቦሬ! ወይኔ ቦሬ! አንዴ ሄዳ በብርዱ ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍንጫዋ ሲፈስ ከረመ። አክስቷ ስንቄ ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው "ገብሱን አየሽው ወይ?" ይላሉ። ገብስ ምኑ ይታያል? ገብስ እኮ አያወራም!

ግንቦት ላይ ስለ ስልኩ በጀት ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ። በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሯል። ሐሙስ በአውሮፕላን ሲመለስ ዕቅዱን ይዞ ይሄዳል ተባለ። ጉያቱ ከሐጂ ሱቅ ሻይ ይዛ ማዘጋጃ ቤት ገባች፤ ሻዩን አስቀመጠች፤ አልወጣችም።

"እውነቱን ልንገራችሁ" አለ እንግዳው ላቡን እየጠረገ። "በጀቱ ሙሉ ይምጣ፣ ግማሽ ይምጣ፣ ሩብ ይምጣ እኔም አላውቅም። አለቆቼም አያውቁም። ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ካልተዘጋ አይታወቅም። ስለዚህ ለሦስቱም ዕቅድ ስጡኝ።"

አቶ ጃታኒ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ሙሉ ከመጣ እስከ ፊልቱ እንጨት ተክለን ሽቦ እንዘረጋለን።"

"ግማሽ ከመጣስ?"

"እስከ ግማሽ መንገድ።"

"ሩብስ?"

"እስከ ሩብ መንገድ... እንጨቱን።"

"ግመሎቹ ደስ ይላቸዋላ!" አለች ጉያቱ። አምልጧት ነው! ትሪውን ፊቷ ላይ አደረገችው። የአባቷ ዓይን ትሪውን በስቶ ሊያልፍ ነበር። እንግዳው ግን ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና አካኮ ጃልዴሳ ከነዱላቸው ገቡ። አካኮ የአቶ ጃታኒ አባት፣ የጉያቱ አያት ናቸው፤ ኤላው ላይ፣ ያ ጥልቁ የከብት ውሃ ጉድጓድ ላይ፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። የመጡት ሊከሱ ነው፤ ከእንጨቶቹ አራቱ ከብት ወደ ኤላው የሚወርድበት መንገድ ላይ ተተክለዋል።

"ናጋ? አካም?" ብለው፣ ሰላም ነው፣ እንዴት ነው ማለታቸው ነው፣ የእያንዳንዱን ሰው ከብት፣ ልጅ፣ ሣርና ዝናብ ጠየቁ። እንግዳውንም ስለ ጥጆቹ ጠየቁት። ጥጃ የለውም። አዘኑለት።

እንግዳው ኦሮምኛ ስለማይሰማ ጉያቱ መሀል ቆማ ታስተረጉም ጀመር። አካኮ እንጨቱ ለምን ባዶውን እንደቆመ ሲሰሙ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ።

"ኤላው ነገ ስንት ውሃ እንደሚያወጣ ማን ይነግረኛል? ማንም። ግን ተራ አወጣለሁ። ያለችውን ውሃ ለሁሉም ከብት ከንፈር ማርጠቢያ አላደርጋትም። መጀመሪያ የገባው መንጋ ጠግቦ ይወጣል። ከተረፈ ሁለተኛውም ጠግቦ ይወጣል። ካልተረፈ ሌላ ቀን ይቀጠራል። እናንተ ግን ስልካችሁን ግማሽ አጠጥታችሁ ለቀቃችሁት፤ ይኸው መንገድ ዘግቶብኛል!"

ጉያቱ ይህን በአማርኛ ተናገረች። አካኮ ዝም ሲሉ እሷ ዝም ማለት አቃታት!

"ስለዚህ ሩብ ከመጣ ፊልቱን ተዉት! ማዞሪያውን እዚሁ አስቀምጡት፣ እንጨት እንደሆነ አለን፣ ከመንገዱ ነቅላችሁ ከተማ ውስጥ ትከሉት፣ አምስት ስልክ ብቻ፣ ግን የሚጮኽ ስልክ! ግማሽ ከመጣ ሃያ ስልክ! ሙሉ ከመጣ ፊልቱ!"

አቶ ጃታኒ ወደ አባታቸው ዞሩ። "ይህን ሁሉ እርስዎ ነዎት ያሉት?"

አካኮ በተሰባበረ አማርኛ መለሱ። "እኔ አላለ። ግን ጥሩ ነው።"

እንግዳው ሳቅ እያለ ሁሉንም ጻፈ። ሐሙስ አውሮፕላኑ ሲነሳ ጉያቱና ከሚላ አቧራው ውስጥ ቆመው እጃቸው እስኪዝል አውለበለቡ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ገባ። የጉያቱ ሻንጣ ለቦሬ ተዘጋጀ፤ ከላይ ወፍራም ሹራብ ተቀምጧል፤ ሹራቡን ባየች ቁጥር አፍንጫዋ ይበላታል። ሐምሌ አሥራ አራት አባቷ ደብዳቤ ይዘው ገቡ። ፊታቸው አይነበብም።

"አባዬ?"

"ሩብም አልሞላም።"

ጉያቱ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። አለቀ፣ ገብስ!

"አምስቱ ስልክ አራት ሆኗል" አሉ አባቷ። "ማዞሪያው ግን ተፈቅዷል። ሹራቡን ለአክስትሽ ላኪላት፤ አንቺ ለፈተናው አጥኚ።"

የጮኸችው ጩኸት! ከሚላ ከሱቁ እሳት ተነሳ ብላ በባዶ እግሯ መጣች።

ፈተናውን አንደኛ አለፈች። ታኅሣሥ ላይ እንጨቶቹ ከመንገዱ ተነቅለው ከተማው መሀል ተተከሉ። ስልኮቹም ገቡ፤ አንዱ የአውራጃው ገዥ ቢሮ፣ አንዱ ሐኪም ቤት፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤት፣ አንዱ ሐጂ ሱቅ። በመጀመሪያው ቀን ጉያቱ ጸጉሯን ሦስቴ አበጠረች። መጀመሪያ የጮኸው የሐጂ ሱቅ ነው።

"ሃሎ፣ ነገሌ! ማንን ላገናኝዎት?" አፍንጫዋን መያዝ እንኳ አላስፈለጋትም!

"ጃታኒን!" ብለው ጮኹ አካኮ ጃልዴሳ ከሱቁ። ልጃቸው እኮ ከመንገዱ ማዶ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በመስኮት ይታያቸዋል! አገናኘቻቸው። አካኮ ሰላምታ ጀመሩ። ናጋ? ቤቱ ናጋ? ላሞቹስ? ከዚያ የገዥው መስመር ጮኸ።

"ማዘጋጃ ቤትን!"

"መስመሩ ተይዟል ክቡርነትዎ፣ ይጠብቁ!"

"ማን ነው የያዘው?"

"አካኮ ጃልዴሳ። ገና ጥጆቹ ጋ ነው የደረሱት።"

"ቁረጪው!"

ጉያቱ እጇን ገመዱ ላይ አደረገች። ገዥ ነው እኮ! ቦሬ ከነገብሱ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ግን ይህን ማዞሪያ ያመጣላት የአካኮ የኤላው ተራ አይደል?

"አይቻልም ክቡርነትዎ" አለች። "መጀመሪያ የገባው ጠግቦ ነው የሚወጣው። እርስዎ ሁለተኛ ነዎት።"

እጇን ከገመዱ ላይ አነሳች።

"ከጥጆቹ በኋላ ምን ይቀራቸዋል?" አሉ ገዥው።

"ፍየል፣ ግመል፣ ሣር፣ ዝናብ።"

"እንግዲህ ወንበሬን ልሳብ" አሉ። "ዝናቡ ጋ ሲደርሱ ጥሪኝ።"

ጉያቱ አፏን በሁለት እጇ አፍና ወንበሯ ላይ ዘለለች። በመስመሩ ውስጥ አካኮ አሁንም ይጮኻሉ።

"ግመሎቹስ ናጋ?"

"ግመሎቹስ ተቀይመዋል፣ አባባ" አሉ አቶ ጃታኒ። "ማከኪያቸውን ወሰድንባቸው።"